ስለ ፊደል ማስተማር ዘዴ የቀረበ ትችት፤ የገፈርሳን ሕፃናት ምሳሌ በማድረግ

ሕፃናትን ንባብና ጽሕፈት ስለ ማስተማር በመምህራን መካከል ሲነሣ የኖረው ክርክር ብዙ ጊዜ በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን የቄስ ትምህርት ቤትን ዜማ «በቃል መያዝ ብቻ ነው፤ ልቡናን አያነቃም» ብሎ ይነቅፋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አባቶቻችን በዚያው ዜማ ዳዊት ደገሙ፤ የዛሬው ልጅ ግን ሦስት ዓመት ተምሮ ስሙን አያነብም» እያለ ይመልሳል። የሁለቱም ንግግር ከፊል እውነት አለው። ሆኖም ነቃፊው የነቀፈውን፣ አወዳሹም ያወደሰውን ትምህርት ክፍል በክፍል ለይቶ ሲመረምር አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ትችት በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የዛሬው ትምህርት ቤት ከቀድሞው ዜማውን ወርሶ ፈተናውን ትቷል፤ በምርምር ማስረጃ ሲመዘን ግን ይበልጥ ዋጋ ያለው ዜማው ሳይሆን ፈተናው ነው።

ምሳሌ የምናደርገው ስፍራ ገፈርሳ ነው። ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ በቡራዩ ውስጥ የሚገኝ፣ ለዋና ከተማይቱ ውሃ በሚያጠራቅመው ግድቡ የታወቀ ቦታ ነው። ቡራዩም ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር ከ2022 ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃሏል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታውን የመረጥነው ሁለት ቋንቋና ሁለት ጽሕፈት የሚገናኙበት በመሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ቅድመ አያቱ በፊደል ዳዊት የደገሙ፣ አያቱ በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን በፊደል ያነበቡ፣ እርሱ ራሱ ግን ኦሮምኛን በቁቤ የሚማር ልጅ ማግኘት አያስቸግርም። አማርኛውን በትምህርትም ሆነ በገበያ ሰሌዳ ላይ የሚያገኘው በፊደል ነው። እንግዲህ ለዚህ ልጅ «ማንበብን ማስተማር» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ የቀድሞውን ትምህርት እንይ። ሕፃኑ የሚጀምረው በፊደል ቆጠራ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ከግእዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ምልክት ይሆናሉ። ልጁ ምልክቱን በስንደዶ እየነካ ስሙን በዜማ ይጠራል። የዚህ ክፍል ጉድለት ግልጽ ነው፤ «ሀ» ብሎ የጀመረ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን በዜማው ኃይል «ሆ» ላይ ይደርሳል። ነቃፊዎች የሚነቅፉት ይህንን ነው፤ በነቀፋቸውም አልተሳሳቱም።

ነገር ግን ትምህርቱ በዚህ አያበቃም ነበር። መምህሩ ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያስነብባል፤ ከዚያም አቡጊዳ ይከተላል። በዚህ በሁለተኛው ሰንጠረዥ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ድምፁም አብረው ይለወጣሉ። ቀጣዩም መስመር «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» እያለ ይሄዳል። ልጁ «ቡ»ን ከ«በ» ቤተሰብ፣ «ጊ»ን ከ«ገ» ቤተሰብ ለይቶ ማወቅ አለበት፤ የ«ቡ»ና የ«ጉ» ቅጥያ አንድ ዓይነት ድምፅ መሆኑንም ማስተዋል ይገባዋል። በሌላ አነጋገር አቡጊዳ ተነባቢውን ከአናባቢው የመለየት ልምምድ ነው። ከዚያ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ልጁ በቁጥር ንባብ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻ እየጠራ ጀምሮ፣ በግእዝና በውርድ ንባብ አልፎ ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል። ይህ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚወጣ የታሰበበት መሰላል ነው።

የአቡጊዳ ዋጋ በምን ይታወቃል ቢባል፣ ከሩቅ አገር የመጣ ማስረጃ አለ። በ1979 ጆዜ ሞራይስና ባልደረቦቹ በፖርቱጋል ሁለት ወገን ዐዋቂዎችን መረመሩ። አንደኞቹ ፊደል ከቶ ያልቆጠሩ፣ ሁለተኞቹ ካደጉ በኋላ ማንበብ የተማሩ ነበሩ። ከአንድ ቃል መጀመሪያ ላይ አንድ ድምፅ እንዲቀንሱ ወይም እንዲጨምሩ ሲጠየቁ፣ ትርጉም በሌላቸው ቃላት ያልተማሩት የተሳካላቸው ከአምስት አንድ ጊዜ ያህል ሲሆን የተማሩት ግን ከዐሥር ሰባት ጊዜ ያህል ነበር። ያልተማሩት ቋንቋቸውን አሳምረው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፤ የጎደላቸው ቃል በነጠላ ድምፆች የተሠራ መሆኑን ማስተዋል ብቻ ነው። በ1986 በቻይና የተደረገ ጥናት ነገሩን የበለጠ አጠራው። የቻይናን ምልክቶች እያነበቡ ነገር ግን የላቲን ፊደል ያልተማሩ ሰዎችም በዚሁ ፈተና ወደቁ። እንግዲህ ድምፅን መለየት ከዕድሜም ከብልህነትም ጋር በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ ድምፅን የሚለይ ጽሕፈት ሲማሩ የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ልዩ ጠባይ ይመጣል። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ተነባቢንና አናባቢን ለየብቻ አይጽፍም፤ እንደ ቻይናውም ድምፅን አይሰውርም። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ቅርጽ ተጋብተው፣ አናባቢው በእግር ወይም በክንድ ላይ በምትታይ ትንሽ ለውጥ ይታወቃል። ማንም ካላሳየው ልጁ «ቡ»ን እንደ አንድ ሥዕል ቆጥሮ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ 231 ሥዕል በቃል መያዝ ይኖርበታል። በደቡብ ሕንድ እንዲሁ በተጋቡ ምልክቶች በሚጻፈው በካናዳ ቋንቋ ሶናሊ ናግ በ2007 ባወጣችው ጥናት፣ ልጆች ምልክቶቹን ጨርሶ ማወቅ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ሊወስድባቸው እንደሚችል አሳይታለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ፊደልን ሁሉ አስጨርሰናል ብሎ መመካት ልጁ በዜማ መጨረሱን እንጂ ማንበቡን አያረጋግጥም።

አሁን ወደ ዘመናዊው ምዘና እንለፍ። በ2010 በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶው ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። ይህ ውጤት ብዙዎችን አስደንግጧል፤ ማስደንገጡም ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍት በአዲስ ዘዴ ተዘጋጅተዋል። ነገር ግን በደቂቃ የሚነበቡ ቃላትን መቍጠር ለእኛ ቋንቋዎች የሚስማማ ሚዛን ስለ መሆኑ ትችት ሊቀርብበት ይገባል። «አልነገራቸውም» የሚለውን አማርኛው በአንድ ቃል ሲል እንግሊዙ አምስት ቃል ይፈልጋል። ኦሮምኛውም ረጅሙን አናባቢና የሚጠብቀውን ተነባቢ በቁቤ እየደጋገመ ስለሚጽፍ ቃሉ ለዓይን ይረዝማል። ስለዚህ የቃል ብዛት ቋንቋን ከቋንቋ ለማወዳደር አይበቃም። በአውሮፓም እንኳ ነገሩ እንዲሁ ነው። በ2003 የታተመ የሲሞርና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአንደኛ ክፍል መጨረሻ የተለመዱ ቃላትን በትክክል ለማንበብ የፊንላንድ ልጆች 98፣ የፖርቱጋል ልጆች 73፣ የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ግን 34 ከመቶ ያህል ደርሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው በዋናው የልጆቹ ስንፍና ሳይሆን የቋንቋቸውና የጽሕፈታቸው ጠባይ ነው። ለእንግሊዝኛ የታሰበን ዘዴ ሳይመረምሩ ወደ ገፈርሳ ማምጣት ይህንን መርሳት ነው።

ለገፈርሳው ልጅ ሁለቱ ጽሕፈቶች ሸክም ናቸው የሚሉ አሉ። በአግባቡ ከተያዙ ግን እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ። በ1991 የተመረጠው ቁቤ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ «ቡ» ሁለት ድምፅ መሆኑን በዓይን ያሳያል። መጥበቅንም ያሳያል፤ ፊደላችን ግን አያሳይም። «ገና» የሚለውን ሲላላ «እስካሁን» ብለን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ብለን የምናነበው ከምልክቱ ሳይሆን ከዐረፍተ ነገሩ ነው። በቁቤ መጥበቅን የለመደ ልጅ በአማርኛው ይህንን ስውር ድምፅ እንዲፈልግ መምህሩ ሊያመለክተው ይችላል። ሆኖም ሁለቱ መምህራን ተነጋግረው ካልሠሩ ልጁ ሁለት ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል።

ለዚህ የሚጠቅም የቆየ ምሳሌ አለን። በ1894 በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ የታተመው የአስቴር ጋኖ የኦሮምኛ ማንበቢያ በፊደል የተጻፈ ነው። የመጽሐፉ ቃላት ልጁ ከእናቱ ቤት የሚያውቃቸው የኦሮምኛ ቃላት ነበሩ። የቄስ ትምህርት ቤቱ ትልቅ ጉድለት የሚታየው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ነው። መሰላሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ ያደርስ የነበረው ልጁ ወደማይሰማው የግእዝ ንባብ ነበር። ድምፁ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ የተዘጋ ንባብ ንባብ አይባልም። አወዳሾች ይህንን ማስታወስ አለባቸው።

ሌላው የቀድሞው ትምህርት ጉድለት ጽሕፈት ነው። ማንበብ ለብዙዎች ሲሰጥ መጻፍ ለጥቂቶች ተለይቶ ኖሯል፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ስሙን መጻፍ ላይችል ይችል ነበር። ዛሬ ሁሉም ይጽፋል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከሰሌዳ ይገለብጣል። ግልበጣ እጅን እንጂ ጆሮን አያሠራም። በፖርቱጋል ማርጋሪዳ አልቨሽ ማርቲንሽና ባልደረባዋ ገና ማንበብ ያልጀመሩ ልጆችን የሰሙትን ቃል እንደመሰላቸው እንዲጽፉ አድርገው፣ በዚህ ምክንያት ድምፅን የመለየት ችሎታቸው እንዳደገ በ2006 አሳትመዋል። በእኛም «ልብ»ን በቃል ሰምቶ የሚጽፍ ልጅ ሁለቱም ሳድስ ሆነው የመጀመሪያው አጭር አናባቢ ሲኖረው ሁለተኛው እንደማይኖረው ራሱ ይደርስበታል። ይህንን የሳድስን ምስጢር ከሰሌዳ የገለበጠ ልጅ አያገኘውም።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ትንሽና ሊፈተን የሚችል ነው። በገፈርሳ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች አንዱ ክፍል እንደ ልማዱ ሰንጠረዡን ይማር። ሌላው ክፍል ከሰንጠረዡ ጋር በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ የአቡጊዳን ዓይነት የተቀላቀለ ልምምድ፣ ቀጥሎም ከቤቱ ቋንቋ የተወሰዱ ቃላትን እየሰማ መጻፍን ይጨምር፤ በቁቤ የተማረውም ከፊደሉ ጋር ይነጻጸርለት። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱም አስቀድመው ባላዩአቸው ቃላት ይፈተኑ፤ ያነበቡት መረዳታቸውም ይጠየቅ። ያላዩት ቃል የሚያስፈልገው ዜማ ሊያግዘው ስለማይችል ነው። ውጤቱ እኛ እንዳሰብነው ባይሆን እንኳ ክርክሩ ከውዳሴና ከነቀፋ ወጥቶ ወደ ማስረጃ ይገባል።

ለዚህ ማኅበር አንባቢዎች የቀረ አንድ ሥራ አለ። የፊደል መምህራን ስንደዶውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ፣ ልጅ ሲሳሳት ወደየትኛው መስመር እንደሚመልሱ፣ በዜማ የሚያልፈውን ልጅ በምን እንደሚያውቁበት በሥርዓት ተመዝግቦ ሊቀመጥ ይገባል። የሕዝብን ልማድ ማጥናት ዜማን ማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ከልማዱ ውስጥ የሚሠራውን ከማይሠራው መለየትም ነው። ይህ ባለመደረጉ ዋጋውን የሚከፍለው መምህሩ ወይም ተመራማሪው ሳይሆን፣ ፊደሉን ጮክ ብሎ እየቆጠረ አንዲት ቃል ሳያነብ ወደ ሦስተኛ ክፍል የሚያልፈው ልጅ ነው።