የጋሻው ጀርባ

የድሮ የጦር ጋሻ ባየሁ ቁጥር ጀርባውን ማየት እፈልጋለሁ። ፊቱ ላይ ብሩ ያብረቀርቃል። ጀርባው ግን ጌጥ የለበትም፤ ያለው ባዶ ቆዳ፣ ክንድ የሚገባበት ጠፍርና ጠፍሩ ያለፈበት ቀዳዳ ነው። ሕይወት የሚያተርፈው ሥራ እዚያ አለ።

በአርሲ፣ የሳጉሬን ከተማ ይዞ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለው ደጋ የፈረስ አገር ነው። የአርሲ ፈረሰኛ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. የምኒልክን ጦር፣ በኋላም በራስ ዳርጌ የተመራውን፣ የገጠመው በጦርና በጋሻ ነበር። ጋቻናው፣ በኦሮምኛ ጋሻው፣ ጠመንጃን አላቆመም። ለጦር ግን የተሟላ መልስ ነበር። የጎሽ ቆዳ ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ ይወጠራል፣ ይቀጠቀጣል፣ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ከተጣደፉበት ይጣመማል። መሐሉ እንደ አክንባሎ የሚያብጠው ለውበት ብቻ አይደለም፤ የተወረወረው ጦር አፍንጫውን እንዳይተክል፣ ጎኑን ፍቆ እንዲያልፍ ነው። ጠርዙን አጠፍ ማድረግ ቆዳው ቅርጹን እንዳይለቅ ያጠነክረዋል። ከመጠን በላይ ከወፈረ ፈረሰኛውን ያደክማል፣ ከሳሳ ያስገድለዋል። ሠሪው ልኩን የሚያገኘው በመዳፉ ነው።

ቤተ መንግሥቱ የራሱን ጀግኖች ለምድ፣ ጎፈር፣ ባለብር ጋሻና ቢትዋ ይሸልም ነበር። ብሩ የማርትሬዛ ነው፤ 28 ግራም የሚመዝነው ሳንቲም ቀልጦ፣ ሳስቶ፣ ተቆርጦ በጋሻው ከፈይ ላይ በምስማር ይተኛል። ጠፍጣፋ ብር ጎባጣ ነገር ላይ ጫፉ ሳይነሳ ማስተኛት ከባድ ነው፤ በጥሩ ጋሻ ላይ ጣት ቢሄድ የሚጎረብጥ ነገር አያገኝም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ቢትዋው ነው። ክንድ ላይ የሚጠለቀው ይህ የብር ጌጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠማዝዞ፣ በመካከሉ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ተበይደውበት፣ በመጨረሻ ወርቅ የሚቀባ ነው። መበየጃው የሚቀልጥበት ሙቀትና ሽቦው የሚጠፋበት ሙቀት ተቀራራቢ ናቸው። ወናፉ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ከተነፋ የሳምንታት ሥራ ድብልብል ብር ይሆናል። አንጥረኛው የሚለካው በእሳቱ ቀለም ነበር።

በኋላ በእነዚህ ሽልማቶች ቦታ ሜዳይ መጣ። በራስ መኮንን ፈረስ ስም የተጠራው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ በዚያ ጦርነት ሻምበል ማሞ ሀብተወልድ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ አገኙ። የዘመኑን ንጉሠ ነገሥት ሜዳዮች ካቀረቡት መካከል የአዲስ አበባው ጌጥ ሠሪ ሴቫጂያን ይገኝበታል። ሜዳይ በማተሚያ የሚመታ ስለሆነ አንዱ ከሌላው አይለይም። ጥርት ያለ ሥራ ነው፤ የአንድ ሰው እጅ ግን አይታይበትም።

የሴቫጂያን ስም ተመዝግቦ ቀርቷል። ቆዳውን የወጠረው ፋቂ፣ ብሩን የቀጠቀጠው አንጥረኛ ግን ቡዳ ተብሎ ተሸሽቷል፤ የሙያው ስም ራሱ ስድብ ሆኖ ኖሯል። በጋሻው የዳነው ሰው ሲፎከርለት፣ ጋሻውን የሠራው አብሮ ማዕድ አልቀረበም። ይህ ያመኛል። በአርሲ ደጋ የአያቱን ጋሻ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ካለ፣ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳሉ ይጠይቅልኝ፦ ማን ወጠረው? የማን ልጅ ነበር?