«ጉልህ» የሚለው ስያሜ ስለሚያስከትለው ስሕተት

በአጋጣሚ ብቻ ተፈጠረ ለማለት የሚያዳግት ልዩነት ሲገኝ የስታትስቲክስ ጽሑፎቻችን «ጉልህ ልዩነት» ይሉታል። ስያሜው ቢለመድም እኛ አንቀበለውም። ምክንያታችንን በምናባዊ ምሳሌ እናስረዳለን።

ከሸዋ ቤንች 100፣ ከቴፒም 100 የቡና ዛፎች ያለ አድልዎ ተመርጠው የእያንዳንዱ ምርት ተመዘነ እንበል። ለዘር የሚሆኑ ዛፎችን የሚፈልግ ሰው ስለ አማካዩ አይጨነቅም፤ የሚጠይቀው አብዝተው የሚያፈሩት በየትኛው ቦታ እንደሚበዙ ነው። ስለዚህ 200ው ዛፎች በአንድነት በምርታቸው ተራ ይደረደሩና 90 በመቶዎቹ ከበታቹ የሚውሉበት ወሰን ይወሰዳል። ከወሰኑ በላይ 20 ዛፎች ይቀራሉ። ሁለቱ ቦታዎች ባይለያዩ ከየቦታው 10 ያህል ይጠበቃል። ይህ በሙድ ስም የሚጠራው የሚዲያን ፈተና ከመካከለኛው ወደ 90ኛው ወሰን ሲዛወር ነው።

ከሸዋ ቤንች 14፣ ከቴፒ 6 ቢገኙስ? ለዓይን ከእጥፍ በላይ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የጎላ ነገር የለም። በካይ ስኩዌር ሲሰላ ግን 3.56 ይሆናል፤ በ5 በመቶ ደረጃ የሚፈለገው 3.84 ነውና ፈተናውን አያልፍም። 15 ለ5 ቢሆን 5.56 ሆኖ ያልፋል። በአንጻሩ የዛፎቹ ቁጥር እጅግ ከበዛ፣ ገበሬው ከቁም ነገር የማይጥፈው ቅንጣት ልዩነትም ያልፋል። በቋንቋችን ፊደል ይጎላል፣ ድምፅ ይጎላል፤ ጉልህነት የዓይንና የጆሮ ነገር ነው። ፈተናው የሚመዝነው ግን ይህን አይደለም። «ጉልህ አይደለም» የሚል ዘገባ ያነበበ የግብርና ሠራተኛ «ልዩነት የለም» ብሎ ቢረዳ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው።

ሁለተኛው ችግር «መቶኛ» ነው። ለመጠኑም (90 በመቶ)፣ ለወሰኑም (90ኛው ቦታ) ይኸው አንድ ቃል ይሠራበታል። ቤንችኛ በድምፅ ከፍታ አምስት ደረጃዎች የቃላትን ፍቺ ይለያል፤ አማርኛ ይህ ጸጋ የለውምና ቃሉን ራሱን መለየት ይኖርበታል። ለወሰኑ «የመቶ ዕርከን» እንዲባል እናሳስባለን፤ «90ኛው የመቶ ዕርከን» ያለ ሰው ከመጠኑ ጋር አይቀላቅለውም። የቡና ዛፎችን «ሕዝብ» ስለሚሉት ጽሑፎች ብዙ አንልም፤ «ምሉዕ ስብስብ» ይበቃል።

በ«ጉልህ» ምትክ «ከአጋጣሚ የዘለለ» ማለትን እንመርጣለን። ለሠንጠረዥ ራስጌ እንደሚረዝም አናጣውም፤ «ዘላይ» ብለን ብናሳጥረው ደግሞ የሚስቅብን አይጠፋም።