ስለ ኤዲት ዎርተን ሁለት የመንገድ መጻሕፍት

የመንገዱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያየውን አገር ብቻ የሚነግረን ይመስለዋል። ነገር ግን ሳያውቀው የገዛ ዓይኑን ይነግረናል፤ ምን ለማየት እንደሚወድ፥ ምንስ ሳያይ እንደሚያልፍ ከጽሑፉ ይታወቃል። ስለዚህ አንድ መንገደኛ በአንድ አገር በልዩ ልዩ ዘመን ተዘዋውሮ ሁለት መጻሕፍት የተወልን እንደ ሆነ፥ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መመርመር ብዙ ያስተምራል።

በ1862 ዓ.ም. በኒውዮርክ ተወልዳ በ1937 በፈረንሳይ አገር ያረፈችው ደራሲት ኤዲት ዎርተን እንዲህ ያሉ ሁለት መጻሕፍት ትታለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው በ1908 የታተመው «በአውቶሞቢል በፈረንሳይ አገር መብረር» ሲሆን፥ ሁለተኛው በ1915 የታተመው «ተዋጊዪቱ ፈረንሳይ» ነው። በ1921 ስለ ልቦለዷ የፑሊትዘርን ሽልማት ከሴቶች ደራስያን ቀድማ የተቀበለች እርሷ ናትና፥ ስሟ በልቦለድ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን የዓይኗን መለወጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሊያነብ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚከፈተው አውቶሞቢልን በማመስገን ነው። ምድር ባቡር መንገደኛውን በሰዓት ያስረዋል፤ ወደ ከተማም በጓሮ በኩል፥ በጢስና በመጋዘን መካከል ያስገባዋል። አውቶሞቢል ግን የጥንቱን የሠረገላ መንገደኛ ነጻነት መልሶ ይሰጠዋል፤ በፈለገበት ይቆማል፥ በፈለገበት ይታጠፋል፥ የቤተ ክርስቲያኑንም ግንብ ከኮረብታ ላይ ከሩቅ እያየ ቀስ በቀስ ወደ ከተማው ይቀርባል። ደራሲቱ በዚህ ነጻነት ደስ ብሏት የአሚየንን፥ የቦቬን፥ የሩዋንን፥ የቡርዥንም ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት እየዞረች ትመረምራለች። የቦቬ ቤተ ክርስቲያን ጣራው አርባ ስምንት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ፥ በ1284 የተናደ፥ በ1573ም ግንቡ የወደቀ፥ እስከ ዛሬ ድረስ ያልተፈጸመ ሕንጻ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ መመርመር የምትችል ብልህ ዓይን እንዳላት ማንም አይክድም።

አክብሮትም አልጐደላትም። ነገር ግን አክብሮቷ ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው አክብሮት ነው። ድንጋዩ በብዛት ይነገራል፤ በድንጋዩ ውስጥ የሚንበረከከው ሰው ግን እምብዛም አይታይም፥ ቢታይም ከሩቅ ነው። የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች የደራሲት ጆርጅ ሳንድን ቤት በኖአን ያየችበት ነው፤ ሥርዓት የሌለበት ቤት አገኛለሁ ብላ ሄዳ ጸጥ ያለና የተከበረ ቤት አገኘች፥ ሐሳቧንም ለማረም አላፈረችም። በዚያ ስፍራ ያየችው ነገር ራሷን መልሶ አስተማራት፤ እንዲህ ያለው ጊዜ ግን በዚህ መጽሐፍ ጥቂት ነው።

ሌላም የሚጐድል ነገር አለ፤ ይኸውም የወዳጅ ድምፅ ነው። በ1907 በማርች ወር፥ የብርዱ ወራት ሲያልቅ፥ ከፓሪስ ተነሥታ በፖዋትዬ በኩል እስከ ፒሬኔ ተራሮች ወረደች፤ ከዚያም በፕሮቫንስ አልፋ የሮንን ወንዝ ተከትላ ተመለሰች። በዚህ መንገድ ከባልዋ ጋራ ታላቁ ደራሲ ሄንሪ ጄምስ አብሯት ነበረ። እርሱም በ1882 ከዚሁ አገር ብዙውን በባቡር ዞሮ በ1884 መጽሐፍ ያሳተመበት ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ አውቶሞቢል ተቀምጠው ምን እንደ ተነጋገሩ አንባቢ ለመስማት ይናፍቃል፤ ደራሲቱ ግን አብሯት መጓዙን እንኳ በስሙ አታነሣም። ይህን ዕዳ የከፈለችው ብዙ ዘመን ቆይታ በ1934 ባሳተመችው የሕይወቷ ታሪክ ነው።

ከዚህ በኋላ ጦርነት መጣ። በ1915 በፌብሩዋሪ መጨረሻ፥ ደራሲቱ በጦሩ ግንባር አጠገብ ያሉት ሆስፒታሎች ምን እንደሚያስፈልጋቸው ለማየት ፈቃድ ተቀብላ፥ ከወዳጇ ከዎልተር ቤሪ ጋራ በአውቶሞቢል ወደ አርጎን አውራጃ ሄደች። ያ በ1908 የተመሰገነው ነጻነት አሁን የለም። በየመንደሩ በር ዘበኛ ያስቆማል፥ ወረቀት ይጠየቃል፤ በሻሎን ከተማ በሌሊት ማደሪያ ይታጣል፥ ያለ ምስጢር ቃልም በመንገድ ማለፍ አይቻልም። መንገዱ ብርድ ነው፤ በመንገዱ ዳር ያሉት መንደሮች ተቃጥለው ግድግዳ ብቻ ቀርቷቸዋል። ነገር ግን እንደ ፈለገች መሄድ በተከለከለችበት በዚህ መንገድ፥ በመጀመሪያው ጉዞ ያላየችውን ሰው ማየት ጀመረች።

በክሌርሞን አን አርጎን ከተማው ሲቃጠል ሽማግሌዎቿንና ደካሞቿን ትታ ያልሸሸችውን መነኩሲት፥ እኅት ጋብሪኤል ሮስኔን አገኘች። በብሌርኩር ደግሞ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ሆኖ አየች። በመቅደሱ ፊት፥ ሕዝቡ ይቀመጥበት በነበረው ስፍራ፥ የታመሙ ወታደሮች በአልጋ ተደርድረው ተኝተዋል፤ ካህኑም በዚያው መካከል የሠርክ ጸሎት ያደርሳል። ጥቂት የመንደር ሴቶች ስለ አገራቸው የሚለምን መዝሙር ይዘምራሉ። በእነዚህ ገጾች ስለ ሕንጻው ዘመንና ስለ አሠራሩ የሚነገር ክርክር የለም። በአሚየን ደጅ ብዙ ቃል ያገኘችው ደራሲት በዚች ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቃሏን ታሳጥራለች፤ ያሳጠረችውም ቃል ከረዘመው ይልቅ ወደ ልብ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን የተሠራበት ምክንያት በድንጋዩ ከፍታ ሳይሆን በአልጋና በጸሎት መካከል ታይቷታልና።

ነገር ግን ሁለተኛው መጽሐፍ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። መልክ ወዳዱ የቀድሞ ዓይኗ አልተዋትም፤ በሴፕቴምበር 1914 በመድፍ የተቃጠለውን የሬምስ ካቴድራል ስታይ፥ እሳቱ በድንጋዩ ላይ ያመጣውን ቀለም ታደንቃለች። ከክሌርሞን ሆና የቮክዋን ኮረብታ ውጊያ ከሩቅ ስታይ፥ የሚሞተው ሰው እንደ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ያ መንደር በኋላ በተቀበረ ፈንጂ ፈጽሞ ከምድር ጠፋ። ዳግመኛም መጽሐፉ የአሜሪካን ሕዝብ ልብ ለፈረንሳይ ለመሳብ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ በማዶ ላለው ሙት እናት እንዳለችው አያስብም። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችው በ1917 ነው፤ የጸሐፊቱም ችኮላ ከዚህ የመጣ ነው። ለወገን የሚጽፍ ብዕር እውነት ቢጽፍም ግማሹን እውነት ብቻ የሚጽፍ መሆኑን አንባቢ ሊያስብ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፥ ከሁለቱ የሚበልጠው የበረዶው ወራት መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ነጻ የሆነ ሰው ያሻውን ያየበት ነው፤ ሁለተኛው ግን ያልፈለገውን እንዲያይ የተገደደ ሰው የመሰከረበት ነው። የኛ ሰው «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ይላል። ዎርተን በ1907 በፍጥነት እየሮጠች ግንብን ቀና ብላ አየች፤ በ1915 ግን ዘበኛ እያስቆማት በመቆሟ ከግንቡ በታች ያለውን ሰው አየች።

ስለ ወዳጅነቱም የሚቀር አንድ ነገር አለ። በ1907 አጠገቧ ተቀምጦ የተጓዘው ሄንሪ ጄምስ በዚያ የጦርነት ዓመት በእንግሊዝ አገር ሸምግሎና ታሞ ነበር። ደራሲቱም በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1915 ከቬርደን ከተማ ሆና ያየችውን በደብዳቤ ጻፈችለት። ልክ በዓመቱ፥ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1916፥ ጄምስ በሎንዶን ዐረፈ። በሰላሙ መንገድ አብሯት ሳለ በመጽሐፏ ስሙን ያላነሣችው ወዳጅ፥ በበረዶው መንገድ ርቆ ሳለ የልቧ ሰሚ ሆነ። ሁለቱን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው በቅድሚያ የ1908ቱን፥ ቀጥሎ የ1915ቱን ቢያነብ፥ ስለ ፈረንሳይ መንገዶች ብቻ ሳይሆን፥ ዓይን ሳይዘገይ ልብ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚደርስ ይማራል።