«ዳዋ በላው» እና «ዳዋ ለበሰ»፦ ስለ ተተወ ጓሮ በሚጻፉ ግጥሞቻችን ላይ አጭር ሂስ

በእጅ እየተገለበጠች በምትዞረው መጽሔታችን፣ ጥሎት ስለ ወጣው ቤት የማይጽፍ ጥቂት ነው። ጉዳዩ የሁላችንም ስለ ሆነ ይህ አያስደንቅም። ሂስ የሚያሻው አቀራረቡ ነው። በግጥሞቻችን ጓሮው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ እሾህ ይወርረዋል፣ ጅብ ይፈነጭበታል፣ ዳዋ ይበላዋል።

ቋንቋችን ግን ሁለት አነጋገር አለው። «ዳዋ በላው» እንላለን፤ «ዳዋ ለበሰ»ም እንላለን። የፊተኛው ጥፋትን፣ የኋለኛው መሸፈንን ይናገራል። ገጣሚዎቻችን የኋለኛውን ዘንግተውታል።

ነገሩን እንመርምር። ሳማ የሚወደው እበትና አመድ የጠገበ አፈር ነው። ከብት በታሰረበት፣ የምድጃ አመድ በተደፋበት ቦታ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይከማቻል፤ ፎስፈረሱም ሰው ከሄደ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ከመሬቱ አይለቅም። ስለዚህ በጓሮ የተንዠረገገ ሳማ ሰው ይኖርበት እንደ ነበር ምስክር ነው። ግጥሞቻችን ግን ምስክሩን በወራሪነት ይከሱታል።

ዕቃውም ቢሆን ባንድ መንገድ አያልፍም። መሶቡን ምስጥ ይበላዋል፤ ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋ ነውና። የሸክላ ምጣዱን ግን አይበላውም፤ ቢሰበርም ስባሪው ይቀራል። በጀበናው ውስጥ ተርብ በጭቃ ቤቱን ይሠራል። የሚበላውንና የሚቀረውን ለይቶ ያየ ገጣሚ «ሁሉም ጠፋ» ከሚለው የጠለቀ ሐዘን ያገኛል፤ እንጀራው የሌለ፣ ምጣዱ ያለ።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ያንን ጓሮ የሚያውቁት ከእኛ አፍና ብዕር ነው። «ሁሉም ጠፋ» ብለን ከጻፍንላቸው፣ አንድ ቀን ቢሄዱ ሳማውን አይተው ያልፋሉ፤ ከሥሩ ምድጃ መኖሩን አይጠረጥሩም።

ልምምዱን እዚሁ መጀመር ይቻላል። ካኩማ ከተቋቋመበት ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙዎች ወደ ሦስተኛ አገር ሄደዋል። ባዶ በቀረ ደጅ፣ በተጣለ ጀሪካን አጠገብ ማቴንጌ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ሲበቅል እናያለን። ፍየል ፍሬውን በልታ ዘሩን በበጠጧ ትጥለዋለች፤ ከዚያ ይበቅላል። እሾሁን ብቻ ያየ «ምድረ በዳ» ብሎ ይጽፋል። ያስተዋለ ግን የጎረቤት ፍየል በዚያ ማለፏን ያነባል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም የምትጽፉ ወገኖች፣ ከማልቀሳችሁ በፊት ቅጠሉን በስሙ ጥሩት።