መልስ ማጥቆርና መጻፍ ለየቅል ናቸው

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ የምትማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ እስቲ አንድ ነገር ቁጠሩ። በዚህ ሴሚስተር በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስንት የምርጫ ጥያቄ መለሳችሁ? ከራሳችሁ አፍልቃችሁ የጻፋችሁትስ ስንት አንቀጽ ነው? ሁለቱ ቁጥሮች በጣም የሚራራቁ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ይመለከታችኋል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች ምርጫ ናቸው። ተማሪው ፊደል ያጠቁራል እንጂ አንድ አንቀጽ እንኳ አይጽፍም። በመማሪያ መጽሐፉ የመጻፍ መልመጃ አለ፤ ግን ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ጊዜ ሲያጥር ቀድሞ ይዘለላል።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ትክክለኛውን መልስ የሚያውቅ ሰው መጻፍ አያቅተውም አይደል? ያቅተዋል። መለየትና ማመንጨት ለአእምሮ አንድ ሥራ አይደሉም። የጎረቤታችሁን ፊት በሺህ ሰው መሐል ትለዩታላችሁ፤ በቃላችሁ ሣሉት ብትባሉ ግን ትቸገራላችሁ።

ይህ ነገር በእኛ አካባቢ ይበልጥ ይጎላል። ሀዲይሳም፣ ከምባትሳም፣ አማርኛም ግሣቸውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። «ልጁ ቆጮ በላ» እንላለን። እንግሊዝኛ ደግሞ «ዘ ቦይ ኤት ቆጮ» ይላል፤ ግሡ መሐል ገባ። ይህ ቀላሉ ነው። «ትናንት ከዱራሜ የመጣው መምህር» ስንል ገለጻው ከስሙ ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ ግን መምህሩ ቀድሞ ይጠራና ገለጻው ይከተላል። በምርጫ ጥያቄ ላይ ይህን ሥራ ፈተና አውጪው ሠርቶ ያቀርብላችኋል። ባዶ ወረቀት ላይ ግን ሐሳቡን የምታገላብጡት ራሳችሁ ናችሁ። ይህ ደግሞ በመጻፍ ብቻ ይለመዳል።

ሥነ ጽሑፉም ዕጣው ያው ነው። ምንባብ ይነበባል፣ ጥያቄ ይመለሳል፣ ይታለፋል። ባለታሪኩ ያደረገው ልክ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መከራከር የለም። ለክርክር የሚሆን ታሪክ እኮ ሩቅ አይደለም። የጎረቤታችን የጉራጌ ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1969 «ዘ አፈርሳታ» የተሰኘ ልቦለድ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። በመንደር አንድ ቤት ይቃጠላል፤ ጥፋተኛውን ለማግኘት ነዋሪው ለአፈርሳታ ይሰበሰባል። የሽማግሌ ሸንጎ ሲዳኝ ያየ የሀዲያ ወይም የከምባታ ልጅ በዚህ ላይ የሚለው አያጣም። የሚለው ነገር ያለው ሰው ደግሞ ለመጻፍ ምክንያት አለው።

ታሪክ ማንበብ ቋንቋ እንደሚያሳድግ ማስረጃ አለ። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ በፊጂ የገጠር ትምህርት ቤቶች ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍሎች፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 250 የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት ሰጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ታተመ። ከ8 ወር በኋላ ልጆቹ አንብቦና አዳምጦ በመረዳት ከተለመደው እጥፍ በሆነ ፍጥነት አደጉ። ከ20 ወር በኋላ ደግሞ ዕድገቱ ወደ ሌሎች የቋንቋ ክህሎቶችም ተሻገረ። እንግሊዝኛ ለእነሱም እንደ እናንተ ሁለተኛ ቋንቋ ነበር።

«መምህሩስ በየት ጊዜው ያርማል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። 60 ተማሪ ያለው መምህር ለእያንዳንዱ አንቀጽ 5 ደቂቃ ቢሰጥ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያውም ለአንድ ክፍል ብቻ። ስለዚህ ሸክሙን መምህሩ ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይደለም። ግን ሁሉም ስሕተት የግድ መታረም የለበትም። ደብተር ተለዋወጡና በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ፤ ዛሬ የግሡን ቦታ፣ ነገ የገለጻውን።

ዋናው መፍትሔ ግን ከፈተናው ይመጣል። ብሔራዊ ፈተናው አንድ አጭር አንቀጽ ቢጠይቅ፣ በማግሥቱ ሁሉም ክፍል መጻፍ ይጀምራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር፣ ያወቁትን በራስ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ቅንጦት ሊሆን አይችልም።