ሰማያዊዋ ፓፍ

እናቴ ከቤት ስትወጣ ቦርሳዋን የምትዳብሰው ለቁልፍ አይደለም፤ ለአስም ፓፏ ነው። ነቅነቅ፣ ትንፋሽ ወደ ውጭ፣ ጫን፣ ሳብ፣ አስር እስኪቆጠር ያዝ። በአንድ ጫን 100 ማይክሮግራም ሳልቡታሞል የተባለ መድኃኒት ይወጣና በቀጥታ የጠበበው የአየር ቧንቧ ላይ ያርፋል። የዚሁ መድኃኒት ኪኒን ግን የሚለካው በሚሊግራም ነው፤ በደም ዞሮ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ ነው። ጫንና ሳብን ማገጣጠም በተለይ ለሕፃን ይከብዳል። ስለዚህ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቂጡ ይበሳና ፓፉ ይሰካበታል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሳል። ዙሪያው በደንብ ከታሸገ ለዚሁ ተብሎ ከተሠራ የፋብሪካ መሣሪያ እንደማያንስ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የኬፕታውን ጥናት አሳይቷል። የተጠጣ ውሃ ጠርሙስ! እናቴ ግን ጠርሙሱን ይዛ ለመዞር ታፍራለች።