የዘንጎቹ ልክ

ጥሩ የጣሪያ አንቴና ትርፍ ነገር የለውም። ከሩቅ ለሚያየው ምሰሶ ላይ የተሰካ የዓሣ አጽም ነው፤ መሰላል አስደግፎ ጠጋ ላለ ሰው ግን ከዘንጎቹ አንዱም በዘፈቀደ የተቆረጠ አይደለም። ከኋላ ያለው ከሁሉም ይረዝማል። ቀጥሎ ኬብል የተያያዘበት አለ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ወደ ፊት በሄዱ ቁጥር እያጠሩ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ አንዳንዴ በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። ለማማር ብሎ ያሳጠራቸው የለም፣ የሞገዱ ልክ ነው። ለእኔ ግን ያምሩኛል።

አሠራሩን በ1926 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት በሰንዳይ ከተማ በቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጃፓናውያን ሺንታሮ ኡዳ እና ሂዴትሱጉ ያጊ ናቸው። የሙከራውን ድካም በብዛት የተሸከመው ኡዳ ነው። በ1928 በእንግሊዝኛ የወጣው ጽሑፍ የያጊ ስለነበር ግን ዓለም አንቴናውን በያጊ ስም ብቻ ጠራው። ኡዳ ተበድሏል ባይ ነኝ።

ብልሃቱ ይኼ ነው፤ ከዘንጎቹ ሁሉ ኬብል የሚያያዘው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሽቦ የላቸውም። ሞገዱ ሲያልፍባቸው በየራሳቸው ላይ ኤሌክትሪክ ይቀሰቀስና መልሰው ይረጩታል። የኋለኛው ከባለኬብሉ 5 በመቶ ያህል ስለሚረዝም ወደ እሱ ያለፈውን ወደ ፊት ይመልሳል፤ የፊተኞቹ ስለሚያጥሩ የሚመጣውን ወደ ባለኬብሉ ይመሩታል። በዚህም አንቴናው ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን አጥርቶ ይቀበላል፣ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ችላ ይላል። ያለ ባትሪ፣ ያለ አንዲት ተንቀሳቃሽ ዕቃ።

ባለኬብሉን ዘንግ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ቱቦው ጫፍና ጫፉ ላይ ታጥፎ ወደ ራሱ ተመልሷል። ሌሎቹ ዘንጎች ሲጠጉት በኦም የሚለካው የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይወርዳል፤ መታጠፉ መልሶ አራት እጥፍ ያነሣዋል። በፕላስቲኩ ሳጥን ውስጥ ያለችው ትንሽ ትራንስፎርመር ደግሞ 300 ኦሙን ከኬብሉ 75 ኦም ጋር ታስማማዋለች። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሌሎቹ ዘንጎች ወገብ ነው። በጥሩ አንቴና ላይ ወገባቸው ከብረቱ አግዳሚ ጋር በቀጥታ በብሎን ታስሮ ታገኙታላችሁ። ብረት ከብረት ተነካክቶም ምንም አይበላሽም፤ ምክንያቱም በዘንጉ መሃል ላይ ቮልቴጁ ዜሮ ነው። ጫፉ አካባቢ ቢነካካ ኖሮ ሥራው ሁሉ ይፈርስ ነበር። ጎበዝ ሠሪ ይህን ስለሚያውቅ ወገቡን አጥብቆ ያስራል፣ ነፋስም አይነቀንቀውም። ጫፎቹን በፕላስቲክ ክዳን ይደፍናል፤ ክፍት ቱቦ ውሃ ያቁራል፣ በነፋስም ያፏጫል። ከሳጥኑ ሥር ውሃ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ካለች ሠሪው ክረምት የሚያውቅ ሰው ነው።

ስንገዛ ታዲያ ከካርቶኑ ይልቅ ዘንጉን ማየት ይበጃል። «ዲጂታል»፣ «ፎር ኬ» የሚለው ጽሑፍ ለአንቴና ትርጉም የለውም፤ አንቴና የሚያውቀው የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው። እኛ ሐበሾች በብዛት የምንኖርበት ዋሽንግተን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ወደ ዲጂታል ሥርጭት ስትዞር ብዙ ጣቢያዎች ሞገዱ አጭር በሆነው በዩኤችኤፍ ቀሩ፤ የዋሽንግተኖቹ ቻናል 7 እና ቻናል 9 ግን ሞገዱ ረጅም ወደሆነው ቪኤችኤፍ ተመለሱ። በ550 ሜጋኸርዝ የሚመጣ ሞገድ የሚፈልገው ዘንግ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ለቻናል 7 ግን 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ያንን ከየት ያመጣል? ገዝቶ የለጠፈ ሰው ሌላውን ሁሉ አግኝቶ ሁለቱን ሲያጣ ቴሌቪዥኑን ይወቅሳል። ረጃጅምም አጫጭርም ዘንግ ያለው አንቴና ገዝቶ፣ ዋና ዋናዎቹ ማማዎች ወዳሉበት ወደ ከተማው ሰሜን ምዕራብ ማዞር ነው መፍትሔው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሰሜን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ደቡብ ምዕራብ ማለት ነው።

አዙሮ ማስተካከል እንኳ ለእኛ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ በኋላ የአዲስ አበባ ቆርቆሮ ጣሪያዎች የባሕር ዛፍ ምሰሶ አበቀሉ፤ አንዱ ላይ ሆኖ ያዞራል፣ አንዱ ከቤት «መጣ! ሄደ! ተወው፣ እዛው ተወው!» ይላል። በዲጂታል ግን ይህ አይሠራም። ምስሉ ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ ተቆራርጦ ይቆማል፤ በመካከል ቀስ እያለ የሚጠራ ነገር የለም። ስለዚህ በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ያለውን የሲግናል መለኪያ እያዩ ትንሽ ማዞር፣ መጠበቅ፣ እንደገና ማዞር ይሻላል። ማጉያ የሚያስፈልግ ከሆነም ቦታው ምሰሶው ላይ፣ አንቴናው አጠገብ ነው። ሲግናሉ ረጅም ኬብል አቋርጦ ከደከመ በኋላ ቢጎላ ጫጫታውም አብሮ ይጎላል።

የአንቴና ገጣሚን እጅ የምለየው በኬብሉ ጫፍ ነው። ጥቁሩን ልጣጭ ሲገፍ ውስጡን አይቧጭርም። የተጎነጎነውን ሽቦ ወደ ኋላ ያጥፋል፣ አንዲት ክር እንኳ መሃል ያለውን መዳብ እንድትነካ አይተውም። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ከመግቢያው ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና እንዲወጣ ያደርጋል፤ ዝናቡ እዚያው ይንጠባጠባል። ምሰሶውን በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር ያገናኛል። በመጨረሻ ማያያዣውን ውሃ በማያስገባ ጎማ ፕላስተር ይጠቀልላል፣ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ። ከላይ ወደ ታች ከተጠቀለለ እያንዳንዱ ንብብር ለውሃ አፉን ይከፍታል።